የተበላሸው ኢርፎኔ ነው ወይስ አልበሙ?

ታቦር_ስር

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኢርፎን ሰክቼ እቀመጣለሁ። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ አልበም ላከልኝ። ዘ ስትሮክስ የሚባል የኒውዮርክ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው፣ «ኢዝ ዚስ ኢት» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው። 11 ዘፈን፣ ሁሉም ተደምሮ 36 ደቂቃ ገደማ። በደንብ ሰምቶት ያልወደደው ሰው የለም አለኝ።

አራት ጊዜ ሰማሁት። ከምር አራት ጊዜ፣ አንዴ ሥራ ላይ፣ አንዴ ባጃጅ ውስጥ፣ ሁለቴ ማታ አልጋ ላይ። ምኑ እንደሚደነቅ አልገባኝም። አንደኛ ነገር ዘፋኙ ኔትወርክ በማይሰራበት ቦታ ሆኖ ስልክ የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ቃሉ አይለይም። ደግሞ ሙዚቃው ባዶ ነው። አምስት ሰዎች ናቸው ይባላል፣ እኔ የምሰማው ግን ግማሹ አባል የቀረበት ዕድር ነው። አንድ ጊታር ብቻውን ቸክ ቸክ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቸክ ቸክ ይላል። 8ኛው ዘፈን ላይ ደግሞ ጭራሽ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሰው የደወለ መስሎኝ ስልኬን አየሁ፣ ማንም የለም፣ ከዚያ ራሱ ቀጠለ። በድጋሚ ስሰማው እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

ፋይሉ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ መስማት የማልችለው? የሚያውቅ ካለ።

ቤዝ_ወዳጅ

ወንድሜ ፋይልህ ደህና ነው፣ አታጥፋው። ሁለቱን ልመልስልህ።

8ኛው ዘፈን ሃርድ ቱ ኤክስፕሌይን ነው። መሃል ላይ የሚቆመው ሆን ተብሎ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ካሴት ማጫወቻዬ ቴፑን የበላብኝ መስሎኝ ከፍቼ አይቼዋለሁ። እዚያው ዘፈን ላይ ከበሮውን ልብ ብለህ ስማ፣ ሰው ነው የሚመታው፣ ድምፁ ግን የከበሮ ማሽን እንዲመስል ተደርጓል።

የዘፋኙ ድምፅም አልተበላሸም። ጁሊያን ካዛብላንካስ የዘፈነው በትንሽ የልምምድ አምፕሊፋየር በኩል ነው፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ ቤት ውስጥ የሚጠቀሙባት ዓይነት። የስልክ ድምፅ የመሰለህ ለዚያ ነው። መጀመሪያ ከሌላ ፕሮዲዩሰር ጋር ስቱዲዮ ገብተው ነበር፣ ሥራው በጣም ስለጠራባቸው ጥለውት ወጡ። ከዚያ ከጎርደን ራፋኤል ጋር ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ወርደው እንደገና ቀረጹት። ማለት ሰዎቹ ንጹሕ ድምፅ አጥተው አይደለም፣ ንጹሑን አልፈልግም ብለው ነው።

ባዶ ነው ያልከው ግን አልገባኝም። ይሄ አልበም ብዙ ነገር ይባል ይሆናል፣ ባዶ ግን አይባልም።

አሮጌ_ካሴት

ፈልገው አበላሹት ነው የምትለን? እንግዲህ እኔም ሽሮ ሲያርብኝ ሆን ብዬ ነው ልበላ።

አትቀየሙኝ፣ ግን እኛ ዘፈን የምንሰማው ለግጥሙ ነው። ማህሙድ ሲዘፍን እያንዳንዷ ቃል ጆሮህ ውስጥ ትገባለች። እዚህ ዘፋኙን ጓዳ ደብቀው ጊታሩን ሳሎን ያስቀምጡታል። ጠያቂው እውነቱን ነው፣ አይጨናነቅ።

ታቦር_ስር

@ቤዝ_ወዳጅ እህትህ ነኝ 😄 አመሰግናለሁ። የስልኩን ድምፅ ነገር ስታስረዳኝ ትንሽ ቀለለኝ። ባዶነቱ ግን አሁንም አለ። አሁን ራሱ እየሰማሁት ነው። ጊታሩ አንድ ነገር ይልና መልስ የሚጠብቅ ይመስል ዝም ይላል፣ የሚመልስለት የለም።

ፍቅር_ሐይቅ_ማዶ

ቆይ ቆይ። አንድ ጥያቄ። የኢርፎንሽ ሁለቱም ጆሮ ይሰራል?

ታቦር_ስር

የቀኙ ይሰራል። የግራው ከፋሲካ ወዲህ ሞቷል። ገመዱን ጃኩ ጋ ጠምዘዝ አድርጌ ስይዘው አንዳንዴ ይነሳል። ምነው?

ፍቅር_ሐይቅ_ማዶ

😂😂😂 አቦ ተገኘ!

ግማሹን አልበም ነው የሰማሽው። እዚህ ባንድ ውስጥ ሁለት ጊታሪስቶች አሉ፣ ኒክ ቫለንሲና አልበርት ሃመንድ ጁኒየር። አልበሙ ሲቀላቀል የአንዱን ጊታር ወደ ግራ፣ የሌላውን ወደ ቀኝ ገፍተውታል። ከበሮው፣ ቤዙና ድምፁ መሃል ላይ ስለሆኑ በአንድ ጆሮም ይሰማሉ። ከጊታሮቹ ግን አንዱ ጠፍቶብሻል። እና እነዚህ ልጆች ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር እየመቱ የሚደራረቡ አይደሉም። አንዱ ትንሽ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ሌላው ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። አውጪና ተቀባይ በይው። ሠርግ ቤት አውጪዋ ብቻዋን ስትዘፍን ተቀባዮቹ ሁሉ ውጭ ቢወጡ ምን ትመስላለች? አንቺ አራት ጊዜ የሰማሽው እሱን ነው። መልስ ይጠብቃል ያልሽው ነገር ደግሞ ትክክል ነው፣ ጆሮሽ ጥሩ ነው፣ ችግሩን የነገረኝም እሱ ነው።

አሁን ሁለት አማራጭ አለሽ። ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት የሚለው ጋ ገብተሽ «ሞኖ» የሚል አለ፣ እሱን ካበራሽው ግራና ቀኙን ቀላቅሎ በአንዱ ጆሮ ይሰጥሻል። ምንም አይጠፋብሽም። ግን ሁለቱ ጊታሮች አንድ ላይ ተጨፍልቀው ነው የሚመጡት፣ ማን ምን እንዳለ መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ከቻልሽ ለዛሬ ብቻ ከሰው ኢርፎን ተዋሺ። የ10 ደቂቃ ሙከራ ልስጥሽ። ላስት ናይት የሚለውን፣ 7ኛውን፣ ክፈቺ። መጀመሪያ ግራውን ብቻ ስሚ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ቀኙን ብቻ። ሦስተኛ ሁለቱንም። ሦስተኛው ላይ ፈገግ ካላልሽ @አሮጌ_ካሴት ያሸንፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዘፋኙን ማሳደድ ተዪው። እኛ ሰምና ወርቅ ስንፈልግ ስላደግን ጆሯችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቃሉ ነው፣ ቃሉን ሲያጣ ደግሞ ይናደዳል። ለዚህ አልበም ድምፁን እንደ አንድ መሣሪያ ቁጠሪው፣ እንደ ሦስተኛ ጊታር። ሌላው ከበሮው ነው። የእኛ ትከሻ የሚያውቀው ችክችካን ነው፣ በስድስት የሚቆጠረውን። እዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ በአራት ይሄዳል፣ አይወዛወዝልሽም። መጀመሪያ ደረቅ ይመስላል። ሦስት ዘፈን ስትሰሚ ግን እሱ ባይደርቅ ኖሮ ሁለቱ ጊታሮች እንደዚያ መጫወት እንደማይችሉ ይገባሻል።

ቤዝ_ወዳጅ

ኧረ በእግዚአብሔር፣ እኔ ስለ ስቱዲዮው ስተነትን እሷ ግማሽ ኢርፎን ይዛ ተቀምጣለች።

ስሜን ላስከብር። የመጀመሪያውን ዘፈን ስትሰሚ ቤዙን ጠብቂው። ከበሮና ጊታር ይጀምሩታል፣ ዘፋኙ ይገባል፣ ቤዙ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ግን ወለል ላይ የሚቀመጥ ቤዝ አይደለም፣ እየዘፈነ ነው የሚገባው። እዚያች ዘፈን ላይ ዜማውን የያዘው ቤዙ ነው ብል ማንም አይከራከረኝም።

ሐዋሳ_መናኸሪያ

እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይሄን አልበም ሰው ሁሉ ኢንዲ ይለዋል፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚወጣ ሙዚቃ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያወጣው አርሲኤ ነው፣ ትልቅ ኩባንያ። ኢንዲ ቢባል የሚያምርበት እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ እዚያ ያወጣላቸው ራፍ ትሬድ የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ ኩባንያ ነው። ስልቱን ለማለት ከሆነ እሺ።

ደግሞ @ታቦር_ስር 9ኛው ዘፈንሽ ምንድነው የሚለው? ሁለት ዓይነት አለ። እንግሊዝ የወጣው ላይ በኒውዮርክ ፖሊሶች ላይ የሚቀልድ ዘፈን አለ። አሜሪካ ሊወጣ ሲል የመስከረም 1ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ደረሰ። በእኛ 1994 እንቁጣጣሽ ዕለት ማለት ነው፣ የዚያን ቀን የነበረ ሰው አይረሳውም፣ ዶሮው ቀርቦ ሁሉም ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ነበር። በዚያ ምክንያት ዘፈኑን አውጥተው ዌን ኢት ስታርትድ የሚል ሌላ አስገቡበት፣ ሲዲው መስከረም ማለቂያ ላይ ወጣ። የትኛው እንደደረሰሽ ንገሪን።

አሮጌ_ካሴት

እሺ፣ ግማሽ ኢርፎን ከሆነ ፍርዴን ለጊዜው አንስቻለሁ።

ግን ከሻካራ ጊታር ጋር መታረቅ ከፈለግሽ መግቢያው በእኛ በር ነው። ጌታቸው መኩሪያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ሰውዬ፣ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች ጋር አብሮ የሠራው አልበም አለ፣ «ሞአ አንበሳ»፣ 2006 እ.ኤ.አ.። ጊታሮቹ እንደ ቆርቆሮ ይፋጫሉ፣ ከላይ ሳክስፎኑ ይፎክራል። ዜማውን ስለምታውቂው ጫጫታው አያስፈራሽም። እኔ ጊታር ሲንጫጫ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት እዚያ ብቻ ነው። ይሄን ተናግሬያለሁ ብላችሁ በኋላ እንዳትይዙኝ።

ታቦር_ስር

ተመልሻለሁ።

ኢርፎን የሚያውሰኝ አጣሁ። ትናንት እሑድ ስለነበር አሞራ ገደል ወርጄ ዛፍ ስር ተቀመጥኩና ያንኑ የራሴን፣ ገመዱን ጃኩ ጋ ጠምዝዤ በአውራ ጣቴ ያዝኩት። ግራው ተነሳ። ትንሽ ካላላሁት ይጠፋል፣ ስለዚህ እጄን ሳላንቀሳቅስ 36 ደቂቃ።

@ፍቅር_ሐይቅ_ማዶ ላስት ናይት ላይ ፈገግ ብቻ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት፣ አጠገቤ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ለካ ያ ሁሉ ቸክ ቸክ መልስ ነበረው! አንዴ አውራ ጣቴ ሸርተት ሲል ግራው ጠፋ፣ ያ የድሮው ባዶ ዘፈን ተመለሰ፣ ስይዘው ደግሞ ሞላ። ሆን ብዬ አምስት ጊዜ እንደዚያ አደረግኩ። @ቤዝ_ወዳጅ ቤዙን አገኘሁት፣ እውነትህን ነው። ድምፁን ግን አሁንም አልወደድኩትም፣ አምፕሊፋየርም በለው ምንም። 9ኛው የፖሊሶቹ ነው።

8ኛው ላይ ቀጥ ሲል በዝምታዋ ውስጥ የዓሣ ሻጮቹ ጩኸት ገባ፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ስልኬን አላየሁም።

ችግሩ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ነው። አንዲት ጦጣ መጥታ አጠገቤ ያስቀመጥኩትን ቆሎ ከነፌስታሉ አነሳች። ገመዱን ከለቀቅኩ ግራው ይጠፋል። ዝም ብዬ አየኋት።