አባቷ ጥቁር እናቷ ነጭ፣ «ጥቁር ነኝ» ብትል እናቷን ካደች?

የግሩፑ ጥያቄ፦ ዳንዚ ሴና የምትባለው አሜሪካዊት ደራሲ አባቷ ጥቁር ነው የሜክሲኮም ዘር አለው ይባላል፣ እናቷ ነጭ። ሲያዩዋት ነጭ ትመስላለች፣ እሷ ግን ጥቁር ነኝ ነው የምትለው። ልክ ናት?

ማለዳ፦ አይደለችም። እናት ወልዳ አሳድጋ ልጅ በአባት ብቻ ሲቆጠር አይከብድም? ድሮ ምርጫ የለም ይባል ነበር፣ አሁን እኮ ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ ይፈቅዳል፣ በ2020 33.8 ሚሊዮን ሰው እንደዛ ሞልቷል።

የቨርጂኒያው፦ ማለዳ እኔ አልስማማም። ሴትዮዋ 1970 ቦስተን ነው የተወለደችው፣ ወላጆቿ በ1968 ሲጋቡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጥቁርና የነጭ ጋብቻ ክልከላን ከሻረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር (ጉዳዩ የተነሳው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው፣ ፖሊስ ባልና ሚስቱን ሌሊት ከመኝታ ክፍላቸው ነው የያዛቸው)። በ1998 የወጣውን የመጀመሪያ ልቦለዷን «ካውኬዥያ»ን አንብቢው በናትሽ። እህትማማቾቹ ኮልና በርዲ ናቸው፣ ኮል ጥቁርነቷ በግልጽ ይታያል በርዲ ግን ነጭ ትመስላለች፣ ወላጆች ሲለያዩ አባት ኮልን ይዞ ብራዚል ሄደ፣ እናት ደግሞ ኤፍቢአይ ይፈልገኛል ብላ በርዲን ይዛ ተሰወረች እና ልጅቷ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ጄሲ ጎልድማን ተብላ አይሁዳዊ ነኝ እያለች አደገች። ነጭ መስላቸው ስለ ጥቁር የሚሉትን ሁሉ እሷ ፊት ነው የሚሉት፣ እሷም ሰምታ ዝም። ክህደት ካልሽ እሱ ነው፣ ሴናም ጥቁር ነኝ የምትለው እዛ ዝምታ ውስጥ ላለመግባት ይመስለኛል።

ማለዳ፦ እሺ ልቦለዱ ይሁን። በ2009 ባወጣችው ሜሞየር (የራሷን እውነተኛ ትዝታ የጻፈችበት መጽሐፍ) ግን የወላጆቿን ፍቺና የአባቷን ገመና አደባባይ አወጣችው፣ እሱስ?

የቨርጂኒያው፦ እሱ እኔንም ይከብደኛል። ግን የእናቷ የገጣሚዋ የፋኒ ሃው ወገን የታወቀ የቦስተን ቤተሰብ ነው የዘር ሐረጉን መጽሐፍ ላይ ታገኚዋለሽ፣ የአባቷን ግን ደቡብ ድረስ ወርዳ ሰው እየጠየቀች ነው የፈለገችው። ይህን ፈልጎ የአባትን ታሪክ ሳይነኩ መጻፍ እንዴት ይቻላል?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ባለቤቴ ነጭ ነው። ልጃችን የትምህርት ቤት ፎርም ላይ ሁለቱንም ነው ምልክት ያደረገችው፣ ሱቅ ስንገባ ግን ጥበቃው የሚከተለው እሷን ነው አባቷን አይደለም። አንድ ቀን መዋቢያ ያለበት ጋ ቆማ እጇን ከኪሷ አውጥታ ያዘች፣ ማንም ሳይነግራት። ስለዚህ ማለዳ ልጄ ነገ ጥቁር ነኝ ብትል አባቷን ካደች አልላትም።

ማለዳ፦ ይሄንን ሰምቼ አልከራከርሽም እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። ሜሞየሩ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው፣ በሕይወት ያለ አባት ሳይፈቅድ ገመናው አይጻፍም።