ለአትክልት ሥራ የሚሆን በእጅ የሚያዝ ብሎወር፦ የቤንዚን ልግዛ ወይስ የባትሪ?

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራና ሳቢያን ውስጥ 5 ግቢ በቋሚነት እሠራለሁ። አንዱ ሰፊ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የሣር ማጨጃ አለኝ፣ ያስመረረኝ ጥርጊያው ነው። የድሬዳዋ ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ ታውቁታላችሁ፣ የደቀቀ ነው። በመጥረጊያ ስትገፋው ጠጠሩ ውስጥ ይገባል። የኒሙ ቅጠል ሲጨመርበት የእንግዳ ማረፊያው ብቻ 2 ሰዓት ይወስድብኛል።

ስለዚህ ቅጠል በነፋስ የሚጠርገውን ብሎወር ልገዛ ነው። 3 አይቻለሁ፦ ማርካው የማይታወቅ አዲስ የቤንዚን፣ ያገለገለ የቤንዚን ስቲል ቢጂ 86፣ እና 2 ባለ 18 ቮልት ባትሪ የሚጎርስ ባለ 36 ቮልት ማኪታ። ሻጮቹ የሚነግሩኝ የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። በዚህ ሥራ እንጀራ የምትበሉ፣ ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፣ ከሳቢያን

አቦ ወንድሜ፣ በፍጥነቱ ቁጥር አትሸወድ። የቱቦው አፍ ሲጠብ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የሚወጣው አየር ግን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ፍጥነት የተጣበቀ ቅጠል ያላቅቃል። ክምሩን ገፍቶ የሚወስደው የአየሩ ብዛት ነው። በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያወጣ ጠይቅ። ጉልበቱ በኒውተን ከተጻፈልህ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያሳይሃል።

ላንተ ቅጠል ግን ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። በሙሉ ጋዝ (በሙሉ ኃይሉ) ከለቀቅከው ጠጠሩም አብሮ ይነሳል። ጋዙን ቀስ እያልክ የምትጨምርበትን ምረጥ። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለውን ተወው። ያንን እንደ ጎራዴ የረዘመ የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ አስቀድመህ በእጅህ ልቀመው።

መልስ፣ የትንንሽ ሞተር መካኒክ

ማርካ የሌለውን እርሳው። አዲስ ሆኖ ጥሩ ይነፍሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሲበላሽ ግን የሚገጥም መለዋወጫ ፍለጋ ትንከራተታለህ። ቢጂ 86 ጥሩ ማሽን ነው። 27.2 ሲሲ ነው፣ ንዝረት መቀነሻም አለው። ቀኑን ሙሉ ለሚይዘው ሰው እጁን ያድነዋል።

ያገለገለ ስለሆነ ግን አንድ ነገር አደራ። ከየት እንደመጣ ጠይቅ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። እዚያ የተስተካከለ ካርቡሬተር ሳይነካ እዚህ ሲሠራ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚኑ ሲያንስ ከሱ ጋር የሚሄደው ዘይትም ያንሳል። በዚህ ሙቀት ላይ ሞተሩ ይግልና ፒስተኑ ይቧጨራል። ማርሚታውን (የጭስ ማፈኛውን) አስፈትተህ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ መብራት ተመልከት። ፒስተኑ ላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካየህ አትግዛው፣ ቢረክስም አትግዛው።

ቅልቅሉ 1 ለ 50 ነው። ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። የመኪና ሞተር ዘይት እንዳትጨምርበት። በኛ አቧራ የአየር ፊልትሮውን በየቀኑ አራግፍ።

መልስ፣ ከሐረር

እኔ በባትሪ ነው የምሠራው። ጀጎል ውስጥ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፣ የቤንዚን ሞተር በጠዋት ብታስነሳ ሰፈሩን ትረብሻለህ። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳትም ራሱን የቻለ ጣጣ ሆኗል።

ሒሳቡን ግን አስቀድመህ ሥራው። ባለ 18 ቮልት፣ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ይይዛል። 2 ባትሪ የሚጎርሰው ባለ 36 ቮልት ማሽን 180 ማለት ነው። በሙሉ ኃይል 700 ዋት ቢበላ 15 ደቂቃ ላይ አለቀ። በግማሽ ጋዝ ብዙ ይቆያል። ለሙያ ሥራ ቢያንስ 4 ባትሪ ያስፈልግሃል፣ ዋጋውን ስታወዳድር እሱን ጨምረህ ይሁን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ማታ ቻርጅ አድርገህ እደር። ከሥራ እንደወጣ የጋለ ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ብታስቀምጠው እስኪበርድ አይቀበልም። ድሬ ላይ ፀሐይ ውስጥ እንዳትተወው።

መልስ፣ የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ

ልጄ፣ እኔ አትክልተኛ አይደለሁም። ግን ሥራውን ከሚያሠራ ሰው በኩል ልንገርህ። ድሮ የነበረን ልጅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የቤንዚኑን ያስነሳ ነበር። እንግዳ ተኝቷል፣ ቁርስ በረንዳ ላይ ተዘርግቷል። አቧራው ሽሮው ላይ አረፈ። ማሽኑን ከግቢ እንዲያስወጣ ነገርነው። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ መሬቱን በትንሹ ውኃ አርከፍክፍበት፣ አፉን ዝቅ አድርገህ ያዝ፣ ወደ ጎረቤት አጥር አትንፋ። ጆሮህንም ሸፍን፣ ገና ወጣት ነህ።

ጠያቂ

እናቴ፣ ስለ ሽሮው ያሉት ልቤ ውስጥ ገብቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ውኃ ካርከፈከፍኩ ደቃቁ ቅጠል አይጣበቅብኝም?

መልስ፣ ከሳቢያን

ካበዛኸው ይጣበቃል። አፈሩ ላይ ብቻ፣ አቧራው እንዲተኛ ያህል። ሲሚንቶውንና ንጣፉን ደረቁን ተወው።

ጠያቂ፣ ከ4 ቀን በኋላ

መካኒኩ ወንድሜ እንዳለው ስቲሉን ማርሚታ አስፈታሁት። ሻጩ ደስ አላለውም። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ተጭሯል፣ ትቼው ወጣሁ። ባለ 36 ቮልቱን የባትሪ ገዛሁ፣ ለጊዜው ከ2 ባትሪ ጋር። ሌሎቹን 2 በሚቀጥለው ወር እጨምራለሁ። ዛሬ የእንግዳ ማረፊያውን ከቁርስ በኋላ፣ 3 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። አንደኛው ዙር ባትሪ ጠጠሩንና በረንዳውን ጨረሰልኝ። ባትሪው እስኪሞላ ድረስ የኋላውን ግቢ በመጥረጊያ ጀመርኩት። ስቲሉን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ ንገሩኝ፣ የትኛው እንደሆነ በውስጥ መስመር አሳያችኋለሁ።