ክኒኑን አንድ ቀን ሳልዘል እየዋጥኩ ታይሮይዴ ለምን አልተስተካከለም?

ጠያቂ፦ የሆጤዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው፣ 36 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ከሰባት ወር በፊት የታይሮይድ (የአንገት ላይ ዕጢ) ሆርሞን ማነስ አለብሽ ተብዬ ሆርሞኑን የሚተካው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም፣ ተጀመረልኝ። ያኔ ቲኤስኤች የሚሉት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር፣ 38 ነበር። ባለፈው ሳምንት ስመረመር 14 ሆኗል። ወርዷል፣ ግን ሐኪሙ ገና ነው አለኝ። እኔም ራሴን አላገኘሁትም። የደሴን ብርድ የማያውቅ የለም፣ ግን ሰው ሹራቡን በሚያወልቅበት ቀትር ላይ እኔ ጋቢ ደርቤ ጣቶቼ አይሞቁም። አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፄ ይጎረናል። አንዳንዴ የምጽፈው ቃል ይጠፋኝና ጠመኔውን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እቀራለሁ፣ ልጆቹም ዝም ብለው ያዩኛል። ሆድ ድርቀቱና የፀጉሩ መርገፍ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ክኒኑን አንድም ቀን አልዘለልኩም። ጠዋት እናቴ አቦሉን ስትቀዳ በቡናው እውጠዋለሁ፣ ቁርስም እዚያው ነው። ደም ማነስ ስላለብኝ የብረት ክኒንም ታዞልኛል፣ እንዳልረሳው ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምወስደው። ጎረቤቶች ጎመን አትብዪ ይሉኛል። ጥቁር አዝሙድ በማር ጀምሪና ክኒኑን ተዪው የሚሉኝም አሉ። መጠኑ ይጨመርልኝ ልበል ወይስ የማጠፋው ነገር አለ? ረመዳን ሲመጣስ እንዴት ልሁን?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ከዚህ በሽታ ጋር፣ እና የጻፍሽውን ሳነብ የድሮዋን እኔን ነው ያየሁት። መጠኑ ይጨመርልኝ ከማለትሽ በፊት ያንን ስኒ ከክኒኑ አርቂው። ቡና መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። ብረቱ ደግሞ ይባስ ነው፣ ክኒኑን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል። ስለዚህ 50 ዋጥኩ ትያለሽ እንጂ ደምሽ ጋ የሚደርሰው ስንቱ እንደሆነ አይታወቅም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ማታ ስተኛ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከድኜ ራስጌዬ አስቀምጣለሁ፣ ክኒኑ አጠገቡ ነው። ስልኬ 11 ተኩል ላይ ይጮሃል። መብራት እንኳ ሳላበራ በውሃ ብቻ እውጥና ተመልሼ እተኛለሁ። 12 ተኩል ላይ ስነሳ ሰዓቱ ሞልቷል፣ ቡናዬንም ቁርሴንም ያለ ሐሳብ እጠጣለሁ፣ እበላለሁ። መጀመሪያ እናቴ ተቀይማ ነበር። ቡና ቀርቦ እንዴት ቆይ ይባላል ብላ። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፣ አሁን የምታስታውሰኝ እሷ ናት።

ለረመዳን ሐኪሜን አማክሬ ሁለት መንገድ ነው የነገረችኝ። ወይ ከሱሁር በፊት ተነስቶ መዋጥና ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለ አንድ ሰዓት ቆይቶ መብላት ነው። ወይ ደግሞ ካፈጠሩና ከበሉ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሆድ ቀለል ሲል፣ ሲተኙ መዋጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን መርጬ ተስማምቶኛል። አንቺም ጾሙ ሳይገባ ሐኪምሽን ጠይቂ።

መልስ፦ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ

እህታችን ያለችው ትክክል ነው፣ ትንሽ ልጨምር። በብረቱና በታይሮይድ ክኒኑ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር። ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ሽሮፖችም እንደዚያው ናቸው። ብረቱን ከምሳ በኋላ ብታደርጊው ይቀልሻል። በጾም ጊዜ የሶያ ወተት የሚጠጣ ሰውም ከክኒኑ አርቆ ይጠጣው።

ሌላው ትዕግሥት ነው። ይህ መድኃኒት ዛሬ ተውጦ ነገ የሚታይ አይደለም። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ለዚህ ነው አወሳሰድ ወይም መጠን ከተቀየረ ቲኤስኤች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተቆይቶ የሚለካው። በሁለተኛው ሳምንት ተመርምረሽ አልወረደም ብለሽ እንዳትደነግጪ። ለሐኪሙ ግን እስከ ዛሬ በቡናና ከብረት ጋር እወስደው ነበር ብለሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ካላወቀ መጠኑን ሊጨምር ይችላል፣ ከዚያ አንቺ አወሳሰድሽን ስታስተካክዪ ይበዛብሻል። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እየቆየም አጥንት ያሳሳል። በራስሽ ግን አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን እየወሰድሽ ከሆነ የደም ምርመራውን ውጤት ሊያዛባው ስለሚችል ከምርመራው ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ አቁሚው። ካርቶኑ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ቁጥሩን እዪ። 25፣ 50ም፣ 100ም አለ፣ ክኒኖቹ ይመሳሰላሉ፣ ሰው ሳያውቅ እጥፍ ሲወስድ አይቻለሁ። ክኒኑን መስኮት ላይና ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪ፣ በተለይ እንደ ኮምቦልቻ ሞቃት የሆነ ቦታ ያላችሁ።

መልስ፦ የሰኞ ገበያው

ባለቤቴ ጥቁር አዝሙድ ጀምራ በጣም ተሽሏታል፣ ክኒኑንም ከተወች አንድ ወር ሆኗታል። ለምን አትሞክሪውም?

መልስ፦ እንቅርት የተሠራችው

ወንድሜ፣ በአላህ ይሁንብህ ባለቤትህን ቶሎ አስመርምራት። አንድ ወር ማለት ገና ነው። ድካሙ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ያስባል። እኔ እንቅርቴ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ዕጢው ከነጭራሹ የለኝም። አንድ ጊዜ መድኃኒት ጠፍቶ፣ እኔም ደህና ነኝ ብዬ ሁለት ወር ቆየሁ። ፊቴ አብጦ፣ ዓይኔ ቆብ ብቻ ሆኖ፣ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ ብሎ በሳሙና ነው የወጣው። ቀን ሙሉ እተኛለሁ። ልጄ ስትጠራኝ የምመልሰው ቆይቼ ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዪ ራስሽን ትስቺ ነበር አለኝ። የዚህ ሕመምተኛ ሰው ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ነገር ከተምታታበት፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ነው። ጥቁር አዝሙዱን ምግብ ላይ ብሉት፣ የሆርሞኑን ቦታ ግን አይተካም።

ስለ ጎመኑ፣ እኔ በደንብ የበሰለ ጎመን እበላለሁ። ጥሬውን በየቀኑ በብዛት አለመብላት ይበቃል ብለውኛል። ጨውም አዮዲን ያለበትን እንጠቀማለን፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ነው የምጨምረው። ከገበያ የሚመጣው አሞሌ አዮዲን አልተጨመረበትም። ግን አዮዲን ጥሩ ነው ብለሽ ለብቻው ገዝተሽ አትውሰጂ፣ ለአንዳንዱ ሰው ያብስበታል።

መልስ፦ ከገራዶ

እህት መምህርት፣ ልጅ ለመውለድ የምታስቢ ከሆነ ይህንንም ያዢ። እኔ እርጉዝ መሆኔን ያወቅኩ ሳምንት ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት፣ መጠኑም ወዲያው ተጨመረልኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የእናቱን ሆርሞን ነው የሚጠቀመው። የእርግዝና ክትትል እስኪጀመር አትጠብቂ።

ጠያቂ፦ የሆጤዋ መምህርት (ከሁለት ወር በኋላ)

ተመልሼ መጣሁ። ክኒኑን 11 ተኩል በውሃ፣ ቡናውን 12 ተኩል፣ ብረቱን 9 ሰዓት አደረግኩት። መጠኑ ያው 50 ነው። ትናንት ቲኤስኤች 4.6 ወጣ። ሐኪሙ እንዲሁ ቀጥዪና ከሁለት ወር በኋላ እንየው ብሎኛል። ፀጉሩ አሁንም ይረግፋል። ብርዱ ግን ለቆኛል፣ ዛሬ ጉሙ እስከ መስኮታችን ወርዶ ሳለ በአንድ ሹራብ ነው ያስተማርኩት። እናቴ ቡናውን መቁላት የምትጀምረው አሁን ክኒኔን ውጬ እንደሆነ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው። የሰኞ ገበያው ወንድማችን፣ ባለቤትህ ተመረመረች ወይ?