መብረቅ ኢንቨርተሬን አቃጠለው፤ ባትሪውን ልመነው?

የጫጩቷ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከለገጣፎ አለፍ ብሎ፣ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ጫጩት አስፈለፍላለሁ። መብራት ሲጠፋ መፈልፈያ ማሽኑን የሚይዝልኝ ሶላርና አንድ ባለ 51.2 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ነው። ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ገና ሳይጀምር፣ መብረቅ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ባሕር ዛፍ መታው። ቤቱን አልነካም። የሶላሩንና የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ግን ቷ ብሎ ጠፋ፤ ክፍሉን የተቃጠለ ሽታ ሞላው። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አልነበረም። 300 እንቁላል ቀዘቀዘብኝ። 18ኛ ቀናቸው ነበር፤ 3 ቀን ነበር የቀራቸው። ጠዋት ሳወጣቸው እንባዬ መጣ።

የገጠመልኝ ልጅ «ጣሪያው ላይ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ እናቁም፣ አዲስ ኢንቨርተር እንግዛ፤ ባትሪው ደህና ነው» ይላል። ስንለካው 52 ቮልት ያሳያል። ግን ባትሪውና ኢንቨርተሩ መረጃ የሚለዋወጡበት የዳታ ኬብል መሰኪያ ጠቁሯል። ዘንጉ ብቻ ይበቃል? ባትሪውንስ ልመነው?

ሽቦ ጎታች፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ባትሪውን። 52 ቮልት ማሳየቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ (ባትሪውን የሚቆጣጠረው ሰርኪት)፣ ቻርጁ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጠው ሞስፌት በሚባሉ ትንንሽ መቁረጫዎች ነው። እነሱ ሲቃጠሉ ብዙ ጊዜ እንደተገናኙ ተጣብቀው ይቀራሉ። ያኔ ባትሪው ይሰጣል፣ ይቀበላል፤ በቃ የሚለው ግን የለም። እሳት የሚመጣው እንዲህ ነው። መቁረጡ ተፈትሾ ሳይረጋገጥ ቻርጅ እንዳታደርጊው። ከመፈልፈያው ክፍል አስወጪው፤ ዝናብ የማይነካው፣ ከገለባ የራቀ ቦታ ይቀመጥ።

ዘንግ ቀጥታ ከሚመታ መብረቅ ያድናል። ያንቺ ቤት ግን ቀጥታ አልተመታም። እስቲ ልጠይቅሽ፦ የፓነሉ አርዝ (መሬት ውስጥ የተቀበረው ብረት) እና የኢንቨርተሩ አርዝ አንድ ነው ወይስ ለየብቻ?

የጫጩቷ ቤት፦
አሁን ወጥቼ አየሁ። አንዱ ፓነሉ ሥር ተቀብሯል፣ ሌላው በረንዳው ጥግ። መሃላቸው 12 እርምጃ ይሆናል። የሚያገናኛቸው ሽቦ የለም።

ሽቦ ጎታች፦
በቃ፣ እሱ ነው። መብረቁ በዛፉ ወደ መሬት ሲወርድ የአካባቢው መሬት ለቅጽበት በሺዎች ቮልት ይነሳል። ቅርብ ያለው አርዝ ብዙ ያገኛል፣ ራቅ ያለው ትንሽ። ያ ልዩነት መሄጃ ይፈልጋል። ያገኘው መንገድ ኢንቨርተርሽና የዳታ ኬብሉ ነው።

ልጁ ሁለቱን አርዞች በወፍራም መዳብ ያገናኛቸው። የባትሪው ብረት ሳጥንም እዚያው ይታሰር። ከዚያ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገት የሚመጣን ከፍተኛ ቮልት ወደ አርዝ የሚያወርድ መከላከያ)፦ ከፓነል በሚመጣው መስመር ላይ አንድ፣ በ220ው ላይ አንድ። ለፓነሉ ለዲሲ የተሠራው ብቻ ነው የሚሆነው። ከሰርጁ ወደ አርዝ ማሰሪያው የሚሄደው ሽቦ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ረጅም ሽቦ ለመብረቅ ፍጥነት አይደርስም፤ ሰርጁ እያለ ዕቃው ይቃጠላል። ይህን ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል። ዘንጉንም ካቆማችሁ ታይፕ 1 የሚባለውን ሰርጅ ግዙ። ታይፕ 2 ብቻውን የቀጥታ መብረቅ ከረንት አይችልም።

የዋልካ ልጅ፦
እኔም የዚያው ሰፈር ሰው ነኝ። አፈራችን ዋልካ ነው። በበጋ ሲሰነጠቅ ከተቀበረው ብረት ይላቀቃል። የኔ አርዝ ነሐሴ ላይ 6 ኦም ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ስለካው 30 አለፈ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አርዙ ደከመ ማለት ነው። የበልግ ነጎድጓድ ደግሞ የሚመጣው መሬቱ ደርቆ ሳለ ነው። ብረቱን እርጥበት እስኪገኝ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ በበጋም አስለኪው።

የጫጩቷ ቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪውን አስወጥቻለሁ። ልጁም ቅዳሜ መዳቡን ይዞ ይመጣል። ደመና ሲከብድ ብሬከሩን ባጠፋስ?

ሽቦ ጎታች፦
ይረዳል፤ ግን የዳታ ኬብሉንም ንቀይው። ሁለቱንም ነጎድጓዱ ሩቅ ሳለ። ከቀረበ በኋላ ምንም ሽቦ እንዳትነኪ።