እስከ ታኅሣሥ 29 ሳይደርቅ የሚቆይ የገና ዛፍ እንዴት ይመረጣል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ
የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ የሚከበረው የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ እንዳለፈ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ዛፍ እርሻ ሄደን የገናውን ዛፍ ራሳችን መርጠን እንቆርጣለን። ታላቋ ቁመቱንና ቅርጹን ስትመረምር ታናሿ ደግሞ ቅጠሉን በጣቶቿ አሽታ ሽታው ደስ ያላትን ካልወሰድን አትለቀንም። ይሁን እንጂ እኛ ልደትን የምናከብረው ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ፣ ዛፉ ስድስት ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ቆይቶ በዓሉ ሲደርስ ቅርንጫፉ ደርቆ፣ ቅጠሉም ምንጣፉ ላይ ረግፎ ይጠብቀናል። ልጆቹ አብሮ መምረጡን እጅግ ስለሚወዱት ሰው ሠራሽ ዛፍ መግዛት አልፈልግም። ምን ዓይነት ዛፍ፣ መቼ ብንቆርጥ ይሻላል?

የአትክልት ባለሙያ፣ ሜሪላንድ
እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት የዛፉን ዓይነት ይለዩ። ፍሬዘር ፈር የሚባለው፣ በብዛት ከኖርዝ ካሮላይና የሚመጣውና የቅጠሉ ጀርባ ብርማ የሆነው ዛፍ፣ ውኃ እስካላጣ ድረስ ቅጠሉን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ስፕሩስ የሚባለው ሌላው የገና ዛፍ ዓይነት ግን ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ቶሎ ያራግፋል። ተቆርጦ የቆየ ዛፍ የሚገዙ ከሆነ ቅርንጫፉን በቀስታ ጨብጠው ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ አረንጓዴ ቅጠል እጅዎ ላይ ከቀረ ይተዉት። ከውስጥ በኩል የሚረግፈው ቡናማ ቅጠል የዛፉ አሮጌ ቅጠል ስለሆነ አያሳስብዎ።

ትልቁ ነገር ውኃው ነው። ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ሙጫው አፉን ስለሚዘጋው፣ ቤት ሲደርሱ ከታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እንደገና ቆርጠው ወዲያውኑ ውኃ ውስጥ ያቁሙት። ማቆሚያው ውስጥ እንዲገባ ብለው ልጡን ከጎን አይላጡ፤ ውኃውን በብዛት የሚስበው የግንዱ ውጫዊ ክፍል ነውና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ስለሚጠጣ ጠዋትና ማታ ይመልከቱት፤ ስኳርም ሆነ አስፒሪን አያስፈልገውም። ከማሞቂያም ያርቁት።

አንባቢ፣ አዲስ አበባ
የእናንተ ዛፍ ለዚሁ ተብሎ የተተከለ በመሆኑ ቢቆረጥ አይቆጭም። እኛ ዘንድ ግን ቀስ ብሎ የሚያድገው የሐበሻ ጥድ ለአንድ ሰሞን ጌጥ ሲቆረጥ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ቤተሰባችን ከችግኝ ጣቢያ አብሮ የሚመርጠው የጥድ ችግኝ ነው፤ በማሰሮ አሳድገን ለገና እናስጌጠውና ክረምት ሲገባ መሬት ላይ እንተክለዋለን። በእናንተ አገር ብርድ ይህ ይመች እንደሆነ የአካባቢያችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

የልጆች አባት፣ ሲያትል
በእኔ አስተያየት የእርስዎ ችግር ከዓይነቱ ይልቅ ጊዜው ነው። አንዳንድ እርሻዎች ቤተሰቡ አስቀድሞ በመረጠው ዛፍ ላይ ምልክት አስሮ እንዲሄድና ዘግይቶ መጥቶ እንዲቆርጠው ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ ልጆቹ በለመዱት ጊዜ ይምረጡ፣ መቁረጡ ግን እርሻው እስከፈቀደው ቀን ድረስ ይቆይ። ሌላው አማራጭ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ከብሔራዊ ደኖች ዛፍ ለመቁረጥ የሚሸጠው ፈቃድ ሲሆን፣ አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለዎት ፈቃዱን በነጻ ሊያገኙ ይችላሉ። ብዙ ከተሞች ያገለገሉ ዛፎችን የሚሰበስቡት በጃንዋሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ፣ የከተማዎን ቀን አስቀድመው አረጋግጠው በበዓሉ ማግስት ጌጡንና መብራቱን በሙሉ አውርደው ያውጡት።