ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ 2፣ ሴል ባዮሎጂ እና ካልኩለስ 2 በአንድ ሴሚስተር፣ አንዱን ድሮፕ ላድርግ (ልተወው) ወይስ ልታገል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ እህታችሁን ምከሩኝ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ርዕሱ ላይ ያሉትን አራቱንም ወስጃለሁ፣ ሦስቱ ላብ አላቸው። ስመዘገብ 16 ክሬዲት ምንም አይደል ብዬ ነበር ግን ላቡ 1 ክሬዲት ተብሎ 3 ሰዓት ያስቆማል ከዛ ሪፖርቱ ደግሞ ሌላ ማታ ይበላል። ትናንት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ኖት ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ኩዊዝ ላይ ጥያቄውን ሳየው የማውቀው ይመስለኛል፣ እጄ ግን አይጽፍም። ገና 4ኛ ሳምንት ነን። በጣም ጨንቆኛል።

የኬሚስትሪ ተመራቂ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔም በመጀመሪያው የኦርጋኒክ ሚድ ከ100 38 ነው ያመጣሁት ስለዚህ ስሜቱን አውቀዋለሁ። "የማውቀው ይመስለኛል፣ እጄ ግን አይጽፍም" ያልሽው ላይ ነው ችግሩ ያለው። ደጋግመሽ ስታነቢው ዓይንሽ ይለምደዋል፣ መልመድና ማወቅ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ሮዲገር እና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አለ፣ ተማሪዎቹ ከፊሉ ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡ ከፊሉ አንብበው ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጧቸው። ፈተና የሚመጣው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ነው።

ዛሬ ማታ ይሄን ሞክሪ። ባዶ ወረቀት ላይ ብሮሞኢቴን እና ሃይድሮክሳይድ ጻፊ። የኤሌክትሮኑን መንገድ የሚያሳየው ቀስት ከየት ይነሳል? ኤሌክትሮን ካለበት ነው፣ ከሃይድሮክሳይዱ ኦክስጅን ተነስቶ ብሮሚን የያዘው ካርበን ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛው ከካርበን-ብሮሚን ቦንዱ ወደ ብሮሚኑ ይሄዳል። ከዛ እዛው ካርበን ላይ ያሉትን ሁለቱን ሃይድሮጅን አንስተሽ በሜታይል ቀይሪና ምን ይመጣል ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ቦታው ስለሚጨናነቅ ሃይድሮክሳይዱ ከጀርባ መግባት አይችልም፣ ኤስኤን2 (ከጀርባ ገብቶ ብሮሚኑን መተካቱ) ይቀርና ኢሊሚኔሽን (ሃይድሮጅንና ብሮሚን ወጥተው ደብል ቦንድ መፈጠሩ) ይመጣል። ይሄን ለምን እንደሆነ በእጅሽ ከደረስሽበት ያንን ሁሉ ሪአክሽን አንድ በአንድ መሸምደድ አይጠበቅብሽም።

ላብ አሲስታንት፦
እኔ ስለ ሪፖርቱ ብቻ ልበል። መግቢያውንና ፕሮሲጀሩን ላብ ከመግባትሽ በፊት ጻፊው፣ ማንዋሉ ላይ አለ። ዳታውን ከላብ እንደወጣሽ ሳትውል ሳታድር ቴብል ውስጥ አስገቢና ግራፉን ሥሪ፣ ምክንያቱም ከሦስት ቀን በኋላ "ይሄ ቁጥር የየትኛው ትራያል ነበር" እያልሽ ነው ሌሊቱ የሚነጋብሽ። ደግሞ ሪፖርቱ ስንት ፐርሰንት እንደሚይዝ ኮርስ አውትላይኑ ላይ እዪ። ዲስከሽኑ ላይ ስህተቱ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ አንድ ጥሩ አንቀጽ ከተዋበ ከቨር ፔጅ ይበልጣል፣ የማርመው እኔ ስለሆንኩ እመኚኝ።

ባዮ 4ኛ ዓመት፦
ከላይ ያሉት ልክ ናቸው ግን እኔ ድሮፕ አታድርጊ የምል ሰው አይደለሁም። እኔ አድርጌያለሁ፣ ያተረፍኩት ሰዓት ሌሎቹን አዳነልኝ። ዋናው የትኛውን የሚለው ነው። ኦርጋኒክን አትንኪው፣ በኋላ ባዮኬሚስትሪ ለመውሰድ ይጠየቃል። ካልኩለስን ብትጥይ ፊዚክስ 2ን ይዘሽ ትቸገሪያለሽ፣ እዛ ያለው የጋውስ ሕግ (የኤሌክትሪክ ፊልድ ሕግ) ራሱ የካልኩለስ ኢንተግራል ነው። ስለዚህ የሚለቀቅ ካለ ፊዚክስ 2 ነው፣ እሱንም የድሮፕ ቀን ሳያልፍ እና የሚቀጥለው ሴሚስተር ላይ መሰጠቱን አጣርተሽ። እስከ 8 ሰዓት ማምሸቱን ግን ተይው በናትሽ፣ እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ያነበበውን አይዝም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን ኖቴን ዘግቼ ግላይኮሊሲስን (ሴሉ ግሉኮስን የሚሰብርበትን ሂደት) ጻፍኩት፣ ከ10ሩ ስቴፕ 6 ብቻ ነው የወጣልኝ፣ አራት ጊዜ ያነበብኩት ነገር ነው!! በጣም ደነገጥኩ። ነገ ጠዋት ስለ ፊዚክሱ አድቫይዘሬን አናግራለሁ።

ባዮ 4ኛ ዓመት፦
የቀሩሽ 4ቱ የትኞቹ ናቸው? ኤቲፒ (የሴሉ ኃይል ተሸካሚ) አንድ አንድ ወጪ የሚሆንባቸው 1ኛውና 3ኛው ወይም ኤቲፒ ሁለት ሁለት የሚገኝባቸው 7ኛውና 10ኛው ካሉበት ከነሱ ጀምሪ፣ ትርፉ ለምን 2 ኤቲፒ እንደሆነ ከነሱ ነው የሚታይሽ። ነገ ማታ ድጋሚ ዘግተሽ ጻፊና ስንት እንደወጣልሽ እዚሁ ንገሪን።