«አይታም ሞት»፦ በውኃ የተከበበውን ቤት በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የቋንቋ ወዳጆች። በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ፣ ከሰቨንኦክስ ከተማ አጠገብ ስላለ አንድ የመካከለኛው ዘመን ቤት የተጻፈ የፎቶግራፍ መግለጫ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ቤቱ ዙሪያውን በውኃ የተከበበና በድልድይ ብቻ የሚገባበት ሲሆን፣ ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ «አይታም ሞት» ሆኖ ቁጭ ይላል፤ አንዲት ሴት አንዳች ነገር አይታ የሞተችበት ያስመስለዋል። ረቂቁን ያየልኝ ወዳጄም ሳይጠራጠር «የሞት ቤት» ብሎ አረመልኝ። ስሙስ ስም ነው፣ እንዳለ ይቀመጥ ብዬ አለፍሁት፤ ነገር ግን ቤቱን የከበበውን ጉድጓድ «ቦይ» ልበለው ወይስ «ምሽግ»? ቤቱንስ «ቤተ መንግሥት» ብለው ያስኬዳል?

መልስ

የተከበሩ ጠያቂ፣ ወዳጅዎ የተሳሳቱት በአንድ ፊደል ድምፅ ብቻ ስለሆነ አይፍረዱባቸው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸውም በዚህ ስም ላይ ሁለት ሐሳብ አላቸው። አንደኛው ወገን፣ ቤት የሚከብበው የውኃ ጉድጓድ በእንግሊዝኛ «ሞት» ስለሚባል፣ ስሙን ቤቱን ከከበበው ውኃ ጋር ያያይዘዋል። ሌላው ወገን ግን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሙት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይላል፤ ትርጉሙም ሸንጎ፣ የአገር ሽማግሌዎችና ባለጉዳዮች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው «ሞት»ን ከ«ሙት» መለየት ቢቸግረው፣ ለባለቤቶቹም ያልተፈታ ነገር ነውና አያስወቅሰውም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የጉድጓዱ ስም የራሱ ታሪክ ነው። ዛሬ እንግሊዞች ቤት የሚከብበውን ውኃማ ጉድጓድ የሚጠሩበት ቃል ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ትርጉሙ ጉድጓድ ሳይሆን ጉብታ ነበር። ጉድጓዱ ሲቆፈር አፈሩ ወደ ላይ ይከመራል፤ ምሽጉ የሚሠራው በክምሩ ላይ ነው፤ እንግዲህ የክምሩ ስም ቀስ በቀስ ወደ ታች ተንሸራትቶ የጉድጓዱ ሆነ ማለት ነው። የእኛም «ምሽግ» ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ወታደር ቆፍሮ የሚገባበትንም፣ በድንጋይ የተገነባውን መከላከያም በአንድ ስም እንጠራለንና። ይሁን እንጂ ለእርስዎ መግለጫ «ምሽግ» የሚለውን አልመክርም። «ምሽግ» ሲባል አንባቢው የሚያስበው ጦርነት ነው፤ ይህ ቤት ግን ለጦርነት ተብሎ የተሠራ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር እንዲህ በውኃ የተከበቡ ስፍራዎች ወደ 6,000 ገደማ የሚታወቁ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የተቆፈሩት ከ1250 እስከ 1350 ባሉት ዓመታት ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የቆፈሯቸውም ታላላቅ መሳፍንት ብቻ ሳይሆኑ፣ ሰፊ መሬት ያላቸው ባላባቶችና ገዳማት ጭምር ነበሩ። ውኃው ሌባንና አውሬን ያርቃል፣ ረግረጉን መሬት ያጠነፍፋል፣ ዓሣ ይረባበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን የባለቤቱን ክብር ለመንገደኛ ያሳያል። ቤቱ ፈርሶ ጠፍቶ፣ በከብት ግጦሽ መካከል አራት ማዕዘን ጉድጓድ ብቻውን የቀረበት ስፍራ እጅግ ብዙ ነው። አይታም ሞት ዕድለኛ ሆኖ ከነቤቱ ተረፈ።

ሌላ አባል

በፈቃድዎ አንድ ቃል ልጨምር። እኔ ባደግሁበት ገጠር ሦስቱን ማንም ሕፃን ይለያቸዋል። «ቦይ» ውኃን ከወንዝ ወደ ማሳ የሚወስድ ነው፤ «ፈሰስ» የተረፈውን ዝናብ ከእርሻ የሚያወጣ ነው፤ «ጉድባ» ደግሞ ከብት ወደ እህሉ እንዳይገባ፣ ጎርፍም እንዳያጥለቀልቅ በዳር በዳር የሚቆፈር ነው። ቦይ ይወስዳል፣ ጉድባ ይከለክላል። ስለዚህ «ውኃ የተሞላ ጉድባ» ወይም በአጭሩ «የውኃ ጉድባ» ቢባል፣ አባቶቻችን የሚያውቁት ቃል ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ «ጉድባ» ልቤን ሞልቶታል። ስለ ቤቱስ? እንግሊዝኛው «ማኖር» ይለዋል፤ ከእኛ «ማኖር» ጋር ዝምድና ይኖረው ይሆን?

መልስ

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፣ መልሱም አጭር ነው፤ ዝምድና የላቸውም። የእነርሱ ከላቲኑ «መቆየት፣ መኖር» ከሚለው ግሥ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ የእኛ «ኖረ» እና «አኖረ» ሴማዊ ናቸው። ድምፁም ትርጉሙም መገጣጠሙ ያስደስታል፤ ግጥምጥሞሽ ግን ዝምድና አይደለም።

«ቤተ መንግሥት» የንጉሥ ነውና አይሆንም። «ጉልት» ስለ መብቱ ከሆነ ይቀርባል፤ ምክንያቱም የእንግሊዙ ማኖር ቤት ብቻ ሳይሆን መሬቱን፣ ገባሩንና ባላባቱ የሚያስችልበትን ችሎት ጭምር የሚያጠቃልል ነበር። ቤቱን ለብቻው ሲያነሡ ግን «የባላባት ቤት» ይበቃል። የውስጡን ክፍሎች በተመለከተ አማርኛ ባለጸጋ ነው። ግብር የሚበላበት ሰፊው ክፍል «አዳራሽ» ነው። ባላባቱ ከግብሩ በኋላ የሚገለልበት ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ያለ ጥርጥር «እልፍኝ» ነው፤ «እልፍኝ አስከልካይ» የሚል ሹመት የነበረው ሕዝብ ለዚህ ቃል ሊበደር አይገባውም። በጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ የተሳለው ፍሬ ደግሞ «ሮማን» ነው፤ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመጀመሪያ ሚስት የካትሪን ምልክት ሲሆን፣ በስፓኝ ቋንቋ የፍሬውና የግራናዳ ከተማ ስም አንድ ነው።

ጠያቂ

አንድ የመጨረሻ ነገር ቀረኝ። መግለጫው በ1591 ቤቱን ከገዛው ከሰልቢ ቤተ ሰብ ወገን የሆነችውን ዶሮቲ ሰልቢን «ሴራውን የገለጠች» ይላታል። «ያጋለጠች» ብዬ ተረጎምሁት።

መልስ

እዚህ ላይ እጅዎን ይሰብስቡ፤ የዚህን ቤት ትልቁን ተረት የወለደው ይኸው አንድ ግሥ ነው። በአይታም ቤተ ክርስቲያን ያለው የመቃብሯ ጽሑፍ በግጥም ስለ መርፌዋ ሲያወድሳት፣ ከሐዋርያት ሥራዋ ከዶርቃ ጋር ያነጻጽራታል፤ ቀጥሎም ጥበቧ ሴራውን እንደገለጠ ይናገራል። ሴራው በ1605 የእንግሊዝን ምክር ቤት በባሩድ ለማፈንዳት የተጠነሰሰው ነው። ሰም ብቻ በነበረበት ቦታ ወርቅ የፈለጉ አንባቢዎች «ጥበብ» የሚለውን ምስጢር አድርገው፣ ሴራውን በደብዳቤ ያስጠነቀቀችው እርሷ ናት አሉ፤ ሴረኞቹ ተበቅለዋት በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተደፍና ሞተች እስከማለትም ተደረሰ። እርሷ ግን ከሴራው በኋላ 36 ዓመት ኖራ በ1641 ነው ያረፈችው። ጥበቡ የጥልፍ ጥበብ ነው፤ «ገለጠች» ማለትም በጨርቅ ላይ ሥላ አሳየች ማለት ነው። «ያጋለጠች» ካሉ ተረቱን በአማርኛ እንደ አዲስ ያስነሡታል።

ጠያቂ

በዚሁ መሠረት መግለጫውን እንዲህ አድርጌ አቃንቼዋለሁ፤ ስሕተት ካያችሁ ንገሩኝ፦ «አይታም ሞት፦ በ14ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ መሠራት የጀመረ፣ በውኃ ጉድባ የተከበበ የባላባት ቤት። ከ70 በላይ ክፍሎቹ አንድ ግቢ ከበው የተሠሩ ሲሆን፣ አዳራሹና እልፍኙ ዛሬም ይታያሉ። በ1953 ቻርልስ ሄንሪ ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ገዝቶት፣ በ1985 ሲያርፍ ለእንግሊዝ ብሔራዊ የቅርስ ባለአደራ ማኅበር አወረሰው። ከ1989 እስከ 2004 ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት፣ ብዙው ክፍሉ እየተፈታና እየተመዘገበ መልሶ ተገጣጥሟል። ጥልፍ ጠላፊዋ ዶሮቲ ሰልቢ የኖረችው በዚህ ቤት ነው።»

ሌላ አባል

«መልሶ ተገጣጥሟል» የሚለውን «መልሶ ተተክሏል» ቢያደርጉት፤ ቤት በአማርኛ ይተከላል እንጂ አይገጣጠምም። የቀረው ደኅና ነው።